ሳይነበብ የታጠበው ደብዳቤ

አቧራው መጀመሪያ የገባው በበሩ ሥር ነበር። ቀጥሎ ስኳር ዕቃው ውስጥ፣ ቀጥሎ ትራሷ ላይ፣ በመጨረሻም ጥርሷ መሃል ገባ። አዋላጇ ጠዋት ጠዋት ሻይ ከመቅዳቷ በፊት ኩባያዋን ሁለቴ ታለቀልቃለች፤ ሁለቴ ተለቅልቆም ሻዩ ኖራ ኖራ ይላል። አልጋዋ ሳሎን ውስጥ በሶፋውና በቁምሳጥኑ መሃል ተወትፏል። ምድጃዋ ኮሪደር ላይ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። የመታጠቢያ ቤቱ በር ስለተነቀለ አንሶላ ተጋርዶበታል፤ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር አንሶላውን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ትታጠባለች።

«ቤት አፍርሶ መሥራትና ልጅ ማሳደግ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም እንቅልፍ አያስተኙም» አለቻት አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዋ ለጨዋታ ያህል። ካለች በኋላ ምን እንደተናገረች ገባትና ምላሷን ነከሰች። አዋላጇ ግን ፈገግ ብላ አለፈቻት። እንዳልሰማ ሰው መሆንን ከተማረች ቆይታለች።

ልጇ ከሞተ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆኖታል። አንድ ለእናቱ ነበር። አባትየው ገና ልጁ ድክ ድክ ሳይል ትዳሩን ጥሎ ሄዶ ሌላ ቦታ ሌላ ጎጆ ቀልሷል፤ እሷም ከሥራዋና ከልጇ ሌላ ነገር ሳይኖራት ሃያ ዓመት ኖረች። ልጁ ሃያ ዓመት ከሞላው በኋላ አንድ ቀን ራሱን አመመው፤ በሦስተኛው ቀን አልነበረም።

የሰፈሩ ልጅ ግማሹ በእሷ እጅ ነው ይህን ዓለም ያየው። መንገድ ላይ እናቶች ያስቆሟታል። «ሲስተር! ይቺ እኮ ያንቺ ልጅ ናት፤ አየሻት እንዴት እንዳደገች!» ይሏታል። እሷም ጎንበስ ብላ ጉንጯን ስማ «እደጊልኝ» ትላለች። ከዚያ ቀና ብላ መንገዷን ትቀጥላለች። ቤቷ ስትደርስ ለሁለት ሰው ታበስላለች፤ እጇ መቀነስ እምቢ አላት። አንዱን ሳህን ትበላለች፣ ሁለተኛውን ክዳን ደፍታበት ታሳድራለች፣ ጠዋት ትደፋዋለች። ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም። የሆድን በሆድ።

ቤቱ የአባቷ ነው። አባቷ ዳኛ ነበሩ፤ ሰፈሩ ዛሬም «የዳኛው ቤት» ይለዋል። ጣሪያው ግን የማንንም ማዕረግ አላከበረም። ባለፈው ክረምት የኮሪደሩ ኮርኒስ ውሃ አዝሎ አዝሎ አንድ ጠዋት ድው ብሎ ወረደ። በጋው ሲጋመስ ታላቅ እህቷ፣ ሦስት የጨርቅ ሱቅ የምታዝ፣ ከተቀመጠችበት የማትነሳ ግን ሰውን ሁሉ የምታስነሳ ሴት፣ መጥታ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ይሄ ቤት ጠቅልሎ እላይሽ ላይ እስኪወድቅ ነው የምትጠብቂው? ለራስሽ ባታዝኚ ለአባባ ስም እዘኚ!»

«ይውደቃ፣ እታለም።»

«አፍሽን ያዢ!» አለቻትና በሳምንቱ አናጢ ይዛ መጣች።

አናጢው ረጅም፣ ደልደል ያለ፣ ሃምሳውን ሊደፍን ጥቂት የቀረው ሰው ነው። ሰው «ዝምታ» ይለዋል። ዝምታ የተባለው ጨዋታ ጠልቶ አይደለም፤ ምላሱ ይያዝበታል። የመጀመሪያ ቀን ጣሪያውን ቀና ብሎ አይቶ «ከ... ከ... ከጣ...» ሲል እህትየው «እሺ፣ ገባን፣ ከጣሪያው!» ብላ ከአፉ ነጠቀችው። አዋላጇ አንገቱ ላይ የተገተረውን ሥር አየችው፤ ሥሩ ቀስ ብሎ ሲረግብ፣ ሰውየውም ያልወጣውን ቃል እንደ መራራ ኪኒን ሲውጠው። አሳዘናት። ሰው ካሳዘናት ስንት ጊዜው ነው?

*

እሷ በማለዳ ትወጣለች፤ እሱ ከእሷ በኋላ ይመጣል። እሷ ስትመለስ እሱ ሄዷል። ስለዚህ መልእክቱን ከሲሚንቶ ከረጢት በተቀደደ ወረቀት ላይ በእርሳስ እየጻፈ ጠረጴዛው ላይ ይተውላት ጀመር። አፉ ላይ የሚሰናከለው ቃል እጁ ላይ ሲደርስ በመላጊያ እንደተላገ እንጨት ልስልስ ብሎ ይወርዳል።

«ሲስተር፦ የኮሪደሩ ኮርኒስ ቅሪት ዛሬ ተነስቷል። ከላይ የአይጥ ጎጆ ተገኝቶ ነበር፤ ባለቤቶቹ ዕቃቸውን ሸክፈው በሰላም ወጥተዋል። የኮሪደሩን መብራት እስከ ነገ እንዳያበሩት።»

ሳቀች። የገዛ ድምጿ ባዶው ቤት ውስጥ ሲያስተጋባ ደነገጠች። ከወረቀቱ ሥር እንዲህ ብላ ጻፈችበት፦ «አመሰግናለሁ። ለባለቤቶቹ የመሥሪያ ቤቴን አድራሻ እንዳይሰጡብኝ።»

በማግስቱም ያቺን ሁለተኛዋን ሳህን አልደፋቻትም። ክዳን ደፍታ፣ ከጎኗ ሻይ በፔርሙዝ አስቀምጣ ወጣች። ማታ ስትመለስ ሳህኑ ታጥቦ ተገልብጧል። ወረቀቱ ላይ «ሲስተር፦ እጅዎ ይባረክ። ጨው ግን ረስተዋል» ይላል። ድስቱ ሥር የቀረውን ቀምሳ አየችው፤ እውነትም ጨው የለውም። ስንት ወር ሙሉ ጨው የሌለው ምግብ ስትበላ እንደኖረች እግዜር ይወቅ።

እንዲህ እንዲህ እያሉ ወረቀቶቹ በዙ። እሱ ስለ በር ይጽፋል፣ እሷ ስለ አቧራ። እሱ የገዛው እንጨት ገና ስላልደረቀ ሁለት ሳምንት ፀሐይ ላይ ሊያቆየው እንደፈለገ ያስረዳታል፤ እሷ በዚያ ቀን ምጥ ይዟት የመጣች ሴት ባሏን «ከእንግዲህ ፊትህን አታሳየኝ» ብላ ካባረረችው በኋላ «የት ሄደ?» እያለች ስታለቅስ እንደዋለች ትነግረዋለች። በቀን ሁለት ሦስት መስመር ነው። ሆኖም ከሥራ ስትመለስ እርምጃዋ ፈጠን ማለት ጀምሯል፤ ለምን እንደሚፈጥን ግን ራሷን አልጠየቀችም።

አንድ ነገር ብቻ ከመጀመሪያው ቀን አዝዛዋለች፦ «የጫፉ ክፍል አይከፈት።»

መልሱ ረዘም ያለ ነበር። «ሲስተር፦ ታዝዣለሁ። ነገር ግን ጣሪያ ክፍል አይለይም። የበሰበሰው እንጨት ከኮሪደሩ ተነስቶ በዚያው ክፍል ላይ ነው የሚያልፈው፤ ክረምት ሳይገባ ካልተቀየረ ይወርዳል። የማን ክፍል እንደሆነ ሰምቻለሁ። ጊዜዎን ይውሰዱ። እኔ በሌላው በኩል እየሠራሁ እጠብቃለሁ።»

ሰው ሁሉ «በርቺ» ብሏታል፣ «እርሺው» ብሏታል፣ «ራስሽን አትጉጂ» ብሏታል። እጠብቃለሁ ያላት ግን አልነበረም። ወረቀቱን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

በሌላ ቀን ደግሞ ይህን አገኘች። «ዛሬ ጠዋት መንገድ ላይ ሳይሽ ፊትሽ ደክሟል» ይልና በአንዲት ቀጭን መስመር ተሰርዞ ከላዩ «ሳይዎት ፊትዎ ደክሟል» ተብሎ ተስተካክሏል። ወረቀቱን ይዛ ቆመች። ማጥፋት የፈለገ ሰው እንዲህ አያጠፋም። ሁለቱንም አነበበቻቸው፤ የተሰረዘውን ሁለቴ።

ቅዳሜ ዕለት ቤት ዋለች። እሱ መሰላል ላይ ነው፤ እሷ ኮሪደሩ ላይ ሳህን ታጥባለች። ከመታጠቢያ ቤት የተነቀለው መስታወት ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ቀና ስትል መስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። እሱ ፈጥኖ ዞረ፤ መዶሻው ግን አልዞረም፤ አውራ ጣቱን አገኘው።

«ውረድ... ይውረዱ!» አለችና መድኃኒት ሣጥኗን አመጣች። ጣቱን አጥባ ስታሽግለት እጁ ከባድ፣ ሻካራ፣ እንደ ሕፃን እጅ ግን ታዛዥ ነበር። ትን እንዳለው ሰው አንገቱ ተገተረ።

«አ... አ...» አለ።

ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ነበር የሚነጥቀው። እሷ አልነጠቀችውም። ዓይኗንም አልሰበረችም። ጣቱን እንደያዘች፣ ሰዓቱ ሁሉ የእሱ እንደሆነ ሁሉ፣ ጠበቀችው።

«አመሰግናለሁ» አለ በመጨረሻ፣ እየተገረመ።

ከሄደ በኋላ መዳፏን ከፍታ አየችው። ሞቅ ብሏታል። በዚያ ሙቀት ደግሞ አፈረች፤ ከልጇ ላይ የሆነ ነገር የሰረቀች መሰላት።

*

ሐሙስ ዕለት ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስትመለስ የጫፉ ክፍል ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ። አልጋው የለም። መጻሕፍቱ የሉም። የኳስ ጫማው፣ ምስማር ላይ የተንጠለጠለው ሰማያዊ ሸሚዙ፣ ጠረጴዛው ላይ ግማሽ ድረስ ተሞልቶ የቀረው የመልመጃ ደብተሩ፣ አንዱም የለም። አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሙሉ ተዘግቶ የኖረው መስኮት ተበርግዷል። መስኮቱን የዘጋችው ጠረኑ እንዳይወጣ ብላ ነበር። አሁን የመንገድ አየር እንደ ልቡ ይገባል፣ ይወጣል።

አናጢው ክፍሉ መሃል ሚስማር መንቀያ ይዞ ቆሟል።

«የት አደረስከው?» አለችው። «እርስዎ» የሚለው ቃል በዚያች ሰዓት ከአፏ ጠፋ።

«እ... እ...»

«የልጄን ዕቃ የት አደረስከው ነው የምልህ!»

«እህ... እህ...»

«እህ አትበለኝ! አንተ ደግሞ በምንህ ነው እህ የምትለው? አንድ ነገር፣ አንዲት ነገር ብቻ አትንካ አልኩህ። ጻፍኩልህ! 'እጠብቃለሁ' አላልከኝም?»

የአንገቱ ሥር ተገተረ። የሆነ ቃል ደረቱ ውስጥ እየተጋፋ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ጉሮሮው ላይ ሲወድቅ፣ ደግሞ ሲነሳ ይታያል። ሌላ ቀን ቢሆን ትጠብቀው ነበር። ዛሬ ግን የምትጠብቅበት አቅም አልነበራትም፤ ዝምታውንም እንደ ጥፋተኛ ዝምታ ቆጠረችው።

«ውጣ» አለችው። «ከቤቴ ውጣልኝ።»

ኪሱ ውስጥ እርሳሱን ፈለገ። እጁን መታችው። እርሳሱ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። አንድ ጊዜ አያት፤ ያ አስተያየት ቁጣ የለበትም፣ ልመናም የለበትም። ከዚያ መንቀያውን ግድግዳው ሥር አስቀምጦ፣ ጎንበስ ብሎ በበሩ ወጣ።

እሷ ባዶው ወለል ላይ ተቀመጠች። አየሩን ሳበች፣ ደግማ ሳበች። ከልጇ ምንም የለም። ለሁለተኛ ጊዜ የሞተባት መሰላት፤ የአሁኑን ደግሞ ያዘነላት እንኳን አልነበረም።

*

ቀጥሎ የመጡት ቀናት ጭር ያሉ ነበሩ። ኮርኒሱ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ሰማይ ነው። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት የለም። እሷም ለሁለት ሰው አብስላ ሁለተኛውን ሳህን እንደ ጥንቱ መድፋት ጀመረች። መዶሻ የማይሰማበት ቤት እንዲህ ባር ባር ያሰኛል ብላ አስባ አታውቅም። ጩኸቱን ስታማርር ነበር፤ አሁን ዝምታው ጆሮዋን አደነቆራት።

በአምስተኛው ቀን የጤና ጣቢያው ጥበቃ በር ላይ ጠራት።

«ሲስተር፣ ያ ረጅሙ ሰውዬ ይሄን ስጥልኝ ብሏል። ሰላም ሲለኝ ራሱ ብዙ ደከመ።»

በአራት የታጠፈ ወረቀት ነው። ልቧ ዘለለ፤ በመዝለሉ ተናደደችና ሳትከፍተው ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ከተተችው። «ሲሻኝ አነበዋለሁ» አለች ለራሷ። ወዲያው ግን ከበር ላይ ተጠራች፤ ደም እየፈሰሳት የመጣች ሴት ነበረች። እስከ ማምሻው ድረስ እናትና ልጅ ይዛ ከሞት ጋር ስትጓተት ዋለች። ሁለቱም ተረፉ። ቤቷ ስትገባ ደም የነካውን ጋዋኗን በረኪና የጨመረችበት ውሃ ውስጥ ነክራው ለጥ አለች።

ጠዋት ጋዋኑን ስታሸው እጇ ላይ ልፋጭ መጣባት። ክው አለች። ወረቀቱን ከኪሱ አውጥታ ልትዘረጋው ብትሞክር እንደ ገንፎ ተበጣጠሰ። ከደብዳቤው ሁሉ አንዲት ቁራጭ ብቻ ናት የተረፈችው፤ «ሲስተር» ትላለች። ቀሪውን ውሃ በላው። ይቅርታ ይሁን፣ ስድብ ይሁን፣ ስንብት ይሁን አታውቀውም። ያን ጊዜ ምን ያህል ልታነበው ትፈልግ እንደነበር ገባት።

እሑድ እህቷ የመጋረጃ ጨርቅ በክንዷ ደርባ መጣች።

«የታል ሠራተኛው? ይሄ ቤት አሁንም ሰማይ ሰማይ ያያል እንዴ?»

«አባረርኩት።»

«ለምን?»

«የልጄን ክፍል ባዶ አድርጎ...»

እህትየው ጨርቁን ቀስ ብላ ሶፋው ላይ አስቀመጠችው። እንደዚያ ቀስ ስትል ታይታ አትታወቅም።

«እሱ አይደለም» አለች። «እኔ ነኝ።»

አዋላጇ ቀና ብላ አየቻት።

«በሥራ ሰዓትሽ መጣሁ። ክፍሉን ክፈተው፣ ዕቃውን ለሚያስፈልገው ሰው ስጠው አልኩት። እሱማ መች እሺ አለኝ! 'ወ... ወረቀት' እያለ፤ ያንቺ ጽሑፍ ካልመጣ አልነካም ብሎ ድርቅ። 'ፈቅዳለች፣ ራሷ ማየት ስለማትችል ነው እኔን የላከችኝ' አልኩት። ከዚያም በኋላ ላንቺ የሆነ ነገር ጽፎ ጠረጴዛው ላይ ትቶ ነበር። እኔ ነኝ አንስቼ የጣልኩት።»

«እታለም!»

«ምን ላድርግ? ምን ላድርግ በይኝ!» እህትየው ድምጿ ተሰበረ። «ከነሕይወትሽ እዚያ ክፍል ውስጥ ስትቀበሪ ዝም ብዬ ልይ? እኔስ? እኔ አክስቱ አይደለሁም? በዚያ በር ባለፍኩ ቁጥር 'እትዬ' እያለ የሚወጣ እየመሰለኝ እኮ ነው መምጣት የተውኩት።»

በስንት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ አንዷ የሌላዋን ሐዘን አየች። ከዚያ አዋላጇ ነጠላ ጫማዋን ጥላ ሌላ ጫማ ስታጠልቅ እህትየው ዓይኗን አጠበበች።

«ወዴት ነው? እሱ ጋ? ሰውዬውን ሥራውን ጨርስ ለማለት ከሆነ እኔ እልክበታለሁ።» ፊቷን አጥንታ አየችና ደነገጠች። «ኧረ በሕግ! አናጢ? ያውም ቃል የማይወጣው? የዳኛ ልጅ ሆነሽ?»

«አባባ ዳኛ ነበር» አለች አዋላጇ። «ሁለቱንም ወገን ሳይሰማ ፈርዶ አያውቅም። እኔ ግን ፈረድኩ።»

ስትወጣ እህቷ አልተከተለቻትም። መንገዱን በሙሉ የሄደችው ልቧ በእፍረት እየነደደ ነው።

*

የእንጨት ሥራ ቤቱ በር እኩል ገርበብ ብሏል። በጠባቧ መስኮት የገባው ብርሃን ውስጥ የመጋዝ ዱቄት ይንሳፈፋል። እሱ ብቻውን ነው፤ አንድ ጣውላ ይልጋል። ሲያያት መላጊያው እንጨቱ ላይ ቀጥ አለ።

«እህቴ ነግራኛለች» አለችው። «'እህ' ስትል... 'እህትዎ' ልትል ነበር።»

ራሱን ነቀነቀ።

«ሳልሰማህ አባረርኩህ። እጅህንም መታሁህ። ይቅርታ አድርግልኝ። የጻፍክልኝን ደግሞ...» ጉሮሮዋን ጠረገች። «ሳላነበው ኪሴ ውስጥ ታጠበ። ምን ብለህ ነበር?»

እጁ በልማድ ወደ ጆሮው፣ እርሳሱ ወደተሰካበት ሄደ። እጁን ያዘችው። ያን ዕለት የመታችው ያው እጅ ነበር።

«በአፍህ ንገረኝ። አልቸኩልም።»

ሰውየው ፈራ። እንዲህ ትልቅ ሰው እንዲህ ሲፈራ አይታ አታውቅም። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። የአንገቱ ሥር ተገተረ። እሷ ሃያ አምስት ዓመት የሠራችው ሥራ ይሄው ነው፤ የሚመጣ ነገር በራሱ ሰዓት እስኪመጣ አጠገብ ቆሞ መጠበቅ። አልጎተተችውም። አልገፋችውም።

«የል... የልጅሽ ዕቃ...» አለ። «እዚህ ነው ያለው። ለ... ለማንም አልሰጠሁም። ጽሑፍሽ ስ... ስላልመጣ፣ ል... ልቤ እምቢ አለኝ።»

በጎን ወዳለው ክፍል አመለከታት። ልትሄድ ስትል ግን እጇን አለቀቀም።

«ሌ... ሌላም ነበረው። ደ... ደብዳቤው።»

ቆመች።

«እ...» አለ። «እ... እወ...» ግንባሩ ላብ አወጣ። ከውጭ ጋሪ አለፈ፣ ውሻ ጮኸ፣ ዝም አለ። እሱ ዓይኑን ጨፈነ፤ ከፈተ። ከዚያ ቃሉ አንድም ቦታ ሳይሰናከል፣ ጥርት ብሎ፣ ወጣ፦

«እወድሻለሁ።»

ሁለቱም ደነገጡ። ከእሷ ይልቅ የደነገጠው እሱ ነበር።

መልስ ከአፏ ከመውጣቱ በፊት ማለፍ ያለባት በር ነበረ፤ ወደ ጎኑ ክፍል ገባች። ሁሉም አለ። አልጋው ተፈትቶ ግድግዳ ተደግፏል፤ መጻሕፍቱ አቧራ እንዳይነካቸው በላስቲክ ተጠቅልለዋል፤ የኳስ ጫማው ጥንድ ጥንዱን ይዞ ተቀምጧል። ሰማያዊውን ሸሚዝ ከላስቲኩ አውጥታ ፊቷ ላይ አደረገችው።

ሻጋታ ሻጋታ ይላል። ከሻጋታው ላይ ደግሞ የጥድ እንጨት። ልጇ የለበትም። ያን ጊዜ እውነቱ ቁልጭ ብሎ ታያት፤ ጠረኑ ሐሙስ ዕለት በመስኮት የወጣ አይደለም። ስንት ወር ሙሉ የሚያፈሰው ጣሪያ ቀስ በቀስ ነው የበላው። እሷ ስትጠብቅ የኖረችው እርጥበት ነበር።

የመጋዝ ዱቄቱ ላይ ተቀመጠች።

«ደውሎልኝ ነበር» አለች።

አናጢው ከበሩ ሥር፣ ከእሷ ራቅ ብሎ፣ መሬቱ ላይ ተቀመጠ።

«ራሴን አሞኛል እማ፣ አንገቴንም ያዘኝ አለኝ። ተረኛ ነበርኩ። አንዲት ሴት እያማጠች እጄ ላይ ነበረች። 'ኪኒን ውጥና ተኛ፣ ስመጣ አይሃለሁ' አልኩት። አንገቴን አለኝ እኮ! የማንም ልጅ እናት 'አንገቱን ያዘው' ብትለኝ ማጅራት ገትር እንዳይሆን ብዬ ሮጬ እሄድ ነበር። ለራሴ ልጅ... ኪኒን ዋጥ አልኩት።» ድምጿ ተቆራረጠ፤ አሁን ቃል የሚያንቃት እሷ ሆነች። «ለ... ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእህቴም።»

አናጢው አልነጠቃትም። «ያንቺ ጥፋት አይደለም» አላላትም። ሁሉም ቢሰሙ የሚሏት እሱን ነበር፤ ለዚያ ነው ያልነገረቻቸው። ይልቅስ ጠየቃት።

«ሴ... ሴትየዋስ? ያን ቀን?»

«ወለደች። መንታ።»

«አ... አሉ?»

«አሉ» አለች። «ባለፈው ሳምንት ለክትባት መጥተው ነበር። አንደኛው ይነክሳል።»

ሳቅ ነው ብላ የጀመረችው ነገር መሃል መንገድ ላይ ለቅሶ ሆነ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ አንድ ዓመት ከሦስት ወር የቆየው ሁሉ መጣ። ሸሚዙን አቅፋ እንደ ሕፃን ጮኸች። እሱ ተነስቶ የሥራ ቤቱን በር ዘጋ፤ መንገደኛ እንዳያያት። ተመልሶም ያው ቦታው ላይ ተቀመጠ፤ እስክትጨርስ ድረስ።

*

ጣሪያው ክረምቱ ሳይገባ በሦስት ሳምንት አለቀ። አልጋውም መጻሕፍቱም ተመለሱ፤ ኳስ ጫማውን ግን አዋላጇ ራሷ ለጤና ጣቢያው ጥበቃ የወንድም ልጅ ሰጠችው፤ ልኩ ሆነ። መስኮቱም ቀን ቀን ክፍት ይውላል።

እህትየው መጋረጃውን አሰፍታ መጣች። አናጢው መሰላሉ ላይ ሆኖ «እ... እን... እንደ...» ሲላት ከንፈሯ ሊነጥቀው እየተላወሰ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ በአንድ እግሯ እየቆመች በሌላው እያረፈች፣ እስከ «እንደምን ዋሉ» ድረስ ጠበቀችው። ከዚያ ወደ እህቷ ዞራ «ይኸው፣ ደስ አለሽ?» አለች በሹክሹክታ። መውደዷ አልነበረም። ግን ጠበቀችው።

የመጨረሻው ቀን ዓርብ ነበር። ከሰዓት በኋላ አናጢው ዕቃውን አንድ በአንድ ወደ ሣጥኑ መለሰ፤ መዶሻውን፣ መጋዙን፣ መላጊያውን። አዋላጇ በሩ ላይ ቆማ አየችው። ኮርኒሱ ነጭ፣ በሮቹ ሁሉ ቦታቸው ላይ፣ ወለሉ የተወለወለ፤ አቧራ የለም። ያን ያህል የተማረረችበት አቧራ ሲሄድ እንዲህ ልቧን ያስፈራታል ብላ አላሰበችም።

«የ... የቀረ ሥራ አለ?» አላት።

ዞር ዞር ብላ ቤቱን ቃኘችው። የላላ ማጠፊያ፣ ያልገጠመ መስኮት፣ አንዲት የተጣመመች ምስማር እንኳን ፈለገች። ሰውየው ሥራውን ጠንቅቆ ነበር የሠራው።

«የለም» አለች።

እሺ በሚል ራሱን ነቀነቀና ሣጥኑን አነሳ። ሁለት እርምጃ ሄደ።

«ሥራ የለም» አለችው ከኋላው። «አንተ ግን ነገ ና።»

ዞሮ አያት። የሆነ ነገር ሊላት አፉን ከፈተ፤ ቃሉ እንደ ልማዱ ጉሮሮው ላይ ቆመ፤ እሷም እንደ ልማዷ ጠበቀች። አልመጣም። ፈገግ ብሎ ተወው፣ እሷም ተወችለት፣ ሄደ።

በሩን ዘግታ ስትመለስ ቤቱ ጭር ብሎ ተቀበላት። ልጇ ናፈቃት፤ እንደ ሁልጊዜው፣ አጥንቷ ድረስ። ከዚያ የአናጢው ኮቴ ከመንገዱ ገና ሳይጠፋ፣ እሱም ናፈቃት።